አራት ክርና የዳምቦያው ድንኳን

ለቤዝ ጊታር ተጫዋች የጡረታ ደብዳቤ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤት የለም። ማኅተም የለው፣ ሽኝት የለው። የእኔን ጡረታ የነገረችኝ የአንዲት ኪቦርድ ተጫዋች ግራ እጅ ናት።

እዚሁ ሆሳዕና፣ የጓደኛዬ ልጅ ሰርግ ላይ ነበርኩ፤ ተጋብዤ እንጂ ተቀጥሬ አይደለም። ሳህኔን ይዤ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ ቆንጆ ቤዝ ሰማሁ። በቦታው የሚገባ፣ በቦታው ዝም የሚል። «ይኼ ጎበዝ ማነው?» ብዬ አንገቴን ባሰግግ መድረኩ ላይ ጊታር የሚባል ነገር የለም። አንዲት ወጣት ብቻዋን ተቀምጣ በቀኝ እጇ ዜማውን ትጫወታለች፤ በግራ እጇ ደግሞ የእኔን እንጀራ ትጫወታለች። መጀመሪያ ክው አልኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳህኔን ሞልቼ ተቀመጥኩና እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። ጎበዝ ናት፤ ምን ይደረግ!

ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ በከፈትኳት ትንሽ ሱቅ ሬዲዮና ስፒከር እየጠገንኩ እኖራለሁ። ደንበኞቼ «ማርቆስ ቤዙ» ይሉኛል። ቤዙን ሰምተው የማያውቁትም እንዲሁ ይሉኛል። ይህን የምጽፈው እነሱ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ስለምነግራቸው ነው። የቀረው ግማሽ ዳምቦያ ነው ያለው።

ጊታር የያዝኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመዘምራኑ ኋላ ቆሜ ዜማ የማበላሽ ልጅ። አስተባባሪው አንድ ቀን ሰለቸውና «ማርቆስ፣ አንተ አትዘምር፤ ዝም ብለህ ይቺን ያዝ» ብሎ ማንም የማይፈልገውን ቤዝ ጊታር አሸከመኝ። ወፍራም ክር አራት ብቻ ነው ያለው፤ ለእኔ በቂ ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ዝም ብዬ ያዝኩት፤ ጊታሩ ቢቀየርም ቤዝን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላስቀመጥኩም።

ደሳለኝ የሚባል የሰፈሬ ልጅ ነበር፤ አዲስ አበባ ካለው አጎቱ የውጭ ሮክ ካሴት እያመጣ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ። ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ጸጉሩን አሳድጓል፤ ከንፈሩን ነክሶ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን ሲጎትት ጥርሱን ያመመው ይመስላል። ባንድ እናቋቁም አለና ስሙን «ነጎድጓድ» አልነው። ልምምዳችን የአጎቱ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ በበርበሬ ጆንያ መሀል እያስነጠስን ነበር። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ዓለማዊ ሆነሃል ተብዬ ከመዘምራን ታገድኩ። አባቴ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጊታሩ የእነሱ ነው፤ መልስና ና።» መለስኩና በተውሶ ጊታር ቀጠልኩ።

የመጀመሪያ ሥራችን ሆመቾ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ነበር። ሦስት ወር የተለማመድነውን ሮክ ለቀቅነው። ተማሪዎቹ ጆሮአቸውን ያዙ፤ ወላጆቹ ተያዩ። ሁለተኛውን ስንጨርስ አንዲት ትልቅ ሴት ወደ መድረኩ ቀርበው በእውነተኛ ርኅራኄ «ልጆቼ፣ ሞተሩ ተበላሸባችሁ እንዴ?» አሉን። ደሳለኝ ለአንድ ሳምንት ከቤት አልወጣም።

ከዚያ ውርደት ያተረፍኩት ግን ጋሽ ንጉሤን ነው። ዕቃ ስናነሳ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሰውዬ መጡና «አንተ፣ ቤዙ፣ ስንት ድምፅ ተጫወትክ?» አሉኝ።

«አልቆጠርኩም ጋሼ።»

«እኔ ቆጥሬልሃለሁ። ሁለቱ ይበቁ ነበር።»

ጋሽ ንጉሤ ወላጆቻቸው ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም ሆሳዕና ተወልደው ሀዲይኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በአንድ የሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቤዝ ተጫውተዋል። እኔ ሳገኛቸው መዝገብ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ ፋይል ሲያወጡ እንኳ ጣታቸው ምት ይቆጥር ነበር። ጊታራቸው ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተሰቅሏል።

አንድ ወር ሙሉ ሁለት ድምፅ ብቻ አስጫወቱኝ። ሞትኩ! በሁለተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ ገባኝ እኮ» ብላቸው «እጅህ ነው የገባው፤ አንተ ገና ነህ» አሉኝ። ስጫወት ጣቴን ካየሁ ይቆጣሉ። የሚታየው የጨፋሪው እግር ነው። እግሩ ከመሬት ሲነሳ ሳይሆን ሲያርፍ ነው የምትደርስለት ይላሉ። እውነትም የየከተማው እግር ይለያያል። የጃጁራ ጨፋሪ ትንሽ ዘግይቶ ያርፋል፤ ቀድመኸው ከመታህ ሰውየው ለምን እንደደከመው ሳያውቅ ሄዶ ይቀመጣል። ሮኩንም አላስጣሉንም። ከታች አስገብተን በላዩ የአገሩን ዘፈን እንድንጭንበት አደረጉን፤ ሥራ ማግኘት የጀመርነው ያኔ ነው።

ሁለት ልማዳቸው ግን ከጨዋታ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። አንደኛው፣ የቤዙን ስፒከር መሬት ላይ አያስቀምጡም። የለስላሳ ሣጥን ይገለብጡና እላዩ ላይ ያወጡታል። «መሬት ላይ ካስቀመጥከው መሬቱን ታናግራለህ፤ መሬት ደግሞ ሚስጥር አይጠብቅም» ይሉኛል። ሁለተኛው፣ ዕቃ ተክለን እንደጨረስን «ዙሬ ልምጣ» ብለው ይጠፋሉ። ሰፈሩን ይዞራሉ፤ በየደጁ ቆመው «ቤታችሁ ሰላም ነው? የታመመ አለ? ያዘነ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ሽማግሌ ናቸውና እግራቸውን ሊያፍታቱ ነው እንላለን።

ስለ ክፍያው ብዙ የምለው የለኝም፤ አንዳንዴ ጥሩ ነበር፣ አንዳንዴ ምሳ ነበር። ስለ ክሩ ግን ልናገር። አዲስ የቤዝ ክር በአካባቢያችን አይገኝም ነበር። አሮጌው ላብና አቧራ ሲጠጣ ድምፁ ይሞታል፤ ሸክላ የመታህ ይመስልሃል። መላው መቀቀል ነው። ክሩን ታወልቃለህ፣ ትጠቀልላለህ፣ ውሃ ውስጥ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርገህ አሥር ደቂቃ ታፈላዋለህ፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቀህ ትመልሰዋለህ። ለአንድ ወር ያህል እንደገና ይዘፍናል። ባለቤቴ ምሕረት በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት የድስቷን ክዳን ከፍታ «ዛሬ ደግሞ የምን ወጥ ነው?» አለችኝ፤ ክሩን ስታይ ምን ዓይነት ሰው እንዳገባች ገባት።

አሁን ወደ ዳምቦያ ልምጣ።

ያኔ ጋሽ ንጉሤ ጉልበታቸው እምቢ ብሎ መንገድ ትተው ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፤ ስሜ ወጥቷል፤ ጃጁራ ላይ ከደሳለኝ ይልቅ ለእኔ ተጨብጭቦልኝ ነበርና ትንሽ ነፍቻለሁ። ጥር ነው፤ አንድ ነጋዴ ልጁን ሊድር ዳምቦያ ጠራን። ደሳለኝና ዘፋኛችን ቀድመው በሚኒባስ ሄዱ፤ እኔ ከዕቃው ጋር በአይሱዙ ተከተልኩ። ከተማው ስገባ ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ፣ ትልቅ ድንኳን አየሁ። ሰው ሞልቷል፤ መዝሙርም ይሰማል። ዕድሩ ያለው ድንኳን አንድ ነው፤ ለሰርግም ለለቅሶም እሱው ይተከላል፤ ከሩቅ አይለይም። እኔም «ዛሬ ተፎካካሪ አለን ማለት ነው! እናሳያቸዋለን» አልኩት ሾፌሩን።

ስደርስ ደሳለኝ ጠራኝ። «ማርቆስ፣ ዛሬ ቀነስ አድርገን ነው የምንጫወተው። ባለቤቱ ለምኖኛል።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። የጃጁራው ጭብጨባ ቆጭቶት እኔን ሊያሳንሰኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «እሺ» አልኩት። ከዚያ የለስላሳ ሣጥኑን በእግሬ ገፋሁና ስፒከሩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ሰፈሩንም አልዞርኩም።

ደሳለኝ የዘፋኟን ስፒከሮች ወደ ግቢው ውስጥ አዙሮ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርጎ ነበር። እኔ ግን ተጫወትኩ። ጥሩ ተጫወትኩ ብል አሁን ያሳፍረኛል፤ ግን ጥሩ ነበር የተጫወትኩት። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጋቢ የለበሱ አራት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። ሙዚቃው ቆመ። ከመካከላቸው አንጋፋው፣ አቶ አኒቶ የሚባሉት፣ ሳይጮኹ ነው የተናገሩት።

«ልጆቼ፣ ትናንት ልጄን ቀብሬአለሁ። ሰርጉን አልከለከልንም፤ የተዘጋጀ ድግስ አይመለስም ብለን ትናንት ማታ ፈቅደናል። በግቢያችሁ ዘፍኑ ብለናል። ዘፈናችሁም እኛ ጋ አይመጣም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመጣው። ዱም፣ ዱም ይላል። በመሬት ውስጥ ነው የሚመጣው። ከየት ነው እሱ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልስ መስጠት አልነበረብኝም፤ ጊታሩ አንገቴ ላይ ነበር። ውሃ ሆንኩ። ደሳለኝ እንኳን አልተቆጣኝም፤ መጥቶ ስፒከሩን ነቀለው፤ ሰርጉ በጭብጨባ ብቻ አለቀ።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ጋሽ ንጉሤ በዚያ ጉልበታቸው አብረውኝ መጡ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። መሬት ላይ ተደፍቼ የሆነውን ሁሉ፣ ስለ ጃጁራው ጭብጨባም ጭምር፣ ሳልደብቅ ተናገርኩ። አቶ አኒቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክረው ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ካሣ አንፈልግም። ይቅር ብለንሃል። ግን ይኼ ዕቃ፣ እዚህ ቤት ደስታ እስኪገባ ድረስ፣ ዳምቦያ ውስጥ አይሰማ። የደስታችን ቀን እኛው እንጠራሃለን።»

ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ የሟቹ ባለቤት አማረች ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኗ የገፋ። አንገቷን ደፍታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ያቺ እጅ ናት ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሳችኝ። በሐዘን ላይ ሐዘን ጨምሬባት በፅንሷ ላይ አንድ ነገር ደርሶ እንደሆነስ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለምሕረትም ጭምር።

ከጋሽ ንጉሤ ጋር ወደ ሆሳዕና ተመለስን። እኔ ጊታር በቃኝ ብዬ ወስኜአለሁ። ቤታቸው ስንደርስ ገቡና ግድግዳው ላይ ያለውን ጊታራቸውን ከነጨርቁ አውርደው ሰጡኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይገባኝም አልኳቸው።

«እስካሁን ያልሰጠሁህ ስላልገባህ ነበር» አሉኝ። «አሁን ድምፁ የት ድረስ እንደሚሄድ አውቀሃል። ውሰድ።»

በሕይወቴ ያመሰገንኳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እንደ እሳቸው ግን ማንንም አላመሰግንም። ባጠፋሁበት ሳምንት ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ይዘጋብኝ ነበር።

ፍርዱን ጠበቅኩ። ባንዱ ዳምቦያ ሥራ ሲያገኝ እኔ ሆሳዕና እቀራለሁ፤ ደሳለኝ በጊታሩ ወፍራም ክሮች የእኔን ቦታ እንደምንም ይሸፍናል። ሌላ ከተማ ስንሄድ ግን ስፒከሬ ሣጥን ላይ ይወጣል፤ እኔም «ዙሬ ልምጣ» ብዬ በየደጁ እቆማለሁ። መናኸሪያ በርበሬ የምታመጣ አንዲት የዳምቦያ ነጋዴን ጠይቄ አማረች ሴት ልጅ እንደወለደች፣ ልጅቷም ደህና እንደሆነች፣ ምትኬ እንደተባለች ሰማሁ። ያን ቀን ቀና ብዬ ሄድኩ። አቶ አኒቶ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ተገኝቼ ከሰዉ ኋላ ቆምኩ። ጋሽ ንጉሤንም ቀበርን። ከዚያ ደሳለኝ አዲስ አበባ ገባ፤ ከበሮውን ማሽን ወሰደው፤ ቤዙን ግራ እጅ ወሰደው። ጊታሩ ነጭ ጨርቁን ለብሶ አልጋ ሥር ገባ።

ባለፈው ጥር ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ፈትቼ ስበይድ ስልኬ ጮኸ።

«ወንድም ማርቆስ ነዎት? አማረች ነኝ፤ ከዳምቦያ።»

መበየጃውን አስቀመጥኩ።

«ቅዳሜ ሳምንት ምትኬን እድራለሁ። ያ ዕቃ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ይምጣ። የአማቴ ቃል ነው።»

ቤት ሄጄ አልጋው ሥር ገባሁ። ክሩ ዝጓል። አዲስ ክር ዛሬ በስልክ አዝዞ ማስመጣት ይቻላል፤ እኔ ግን ድስት ጣድኩ። ምሕረት ከጓዳ ሆና የኮምጣጤውን ሽታ ስታውቀው «ደግሞ ጀመርክ!» አለችና መጥታ ክዳኑን ከፈተች። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጣቴ ግን ለስልሶ ነበርና በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለቴ ውሃ ቋጠረ።

ድንኳኑ የተተከለው ያኔ ለቅሶው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ኪቦርዳቸውን ዘርግተዋል፤ ዘፈን የለም፣ መዝሙር ነው። ዓለማዊ ነህ ተብዬ ከወጣሁበት በር ተጠርቼ ገባሁ ማለት ነው። አባቴ ቢኖር ምን እንደሚል እንጃ። መጀመሪያ ሰፈሩን ዞርኩ። ወንዙንም ተሻግሬ በየደጁ ጠየቅኩ፤ ሁሉም ሰላም ነው አሉኝ። ተመልሼ የለስላሳ ሣጥን ገለበጥኩና ስፒከሩን እላዩ ላይ አወጣሁት።

ወይዘሮ አማረች ነጭ ለብሳ መጣች። ጸጉሯ ሸብቷል። ስፒከሩን አየችው።

«ይኼን ያውርዱት። መሬት ላይ ያድርጉት።»

«መሬት ላይ ከሆነ ድምፁ ይርቃል፣ ወይዘሮ አማረች።»

«ይራቅ። እንደዚያን ቀኑ ያድርጉት።»

አጠገቤ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ወንድም ማርቆስ፣ ባሌ ካረፈ ጀምሮ ልጄ ሆዴ ውስጥ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። እሷም ሞታለች ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ተቀምጬ ነበር። ያ ዕቃዎ በመሬቱ መጣና በፍራሼ ገባ። ያኔ ረገጠችኝ። አንዴ እንዳይመስልዎት፤ እስኪቆም ድረስ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት። ቁጣ አይደለም፤ አልቅሼ ነበር።

«በባሌ ለቅሶ ላይ የሰርግ ጊታር ደስ አለኝ ልበል? ልጃቸውን ለቀበሩት ለአማቴ? ሽማግሌዎቹ ሊያስቆሙዎት ሲነሱ እኔ በልቤ ‹ትንሽ ይቆዩ፣ ትንሽ ይቆዩ› እል ነበር። ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡ ቀን ቀና ብዬ ያላየሁዎት ፊቴ እንዳያጋልጠኝ ብዬ ነው።»

ስፒከሩን ከሣጥኑ ላይ አወረድኩት። ኪቦርድ ላይ ያለችው የመዘምራኑ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ናት አሉኝ፤ ጊታሩን ሳነሳ አየችኝና ግራ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ማንም አልነገራትም። አንገቴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኳት።

መዝሙሩ ተነሳ። የተጫወትኩት ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ይበቁ ነበር። ሙሽሮቹ በድንኳኑ በር ሲገቡ ሰው ሁሉ የምትኬን ፊት ያያል፤ እኔ እንደተማርኩት እግሯን አየሁ። ነጭ ጫማ ነው። በሩ ላይ ቆም አለች፤ ወደ መሬቱ ተመለከተች፤ ከዚያ ግራ እግሯ ልክ ምቴ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ ቀኙ።

እናቷ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«አወቀችው» አለችኝ።